ያቀረቀረችው ርግብ

ስማኝ፣ እኔ በጅን በምናምን የማምን ሰው አይደለሁም፣ ሰፈር ውስጥ «እንዲህ ያለ ነገር አየሁ» የሚል ሁሉ ፊቱ ላይ ነው የምስቅበት፣ ትምህርቴን ከአስረኛ ላይ ባቋርጥም ኮምፒውተር ላይ ግን የትኛውም ዲግሪ ጭኖ የሚንጠባረር አይነካኝም፣ ይሄን ይዘህ ስማኝ።

ምን አለሽ ተራ ጀርባ የብረት በር ዲዛይን ነው የምሠራው። አሠራራችን ቀላል ነው፣ ግማሹን ብቻ ትስላለህ፣ መሃል ላይ መስመር ታሰምርና «ሚረር» ስትለው ሌላውን ግማሽ እንደ መስታወት ገልብጦ ያመጣልሃል፣ የፀጉር ያህል አይዛነፍም።

እትዬ ዘነቡ የሚባሉ ሴትዮ ለግቢያቸው በር ሁለት ርግቦች ፊት ለፊት እየተያዩ እንዲሆኑ አዘዙ።

«ልጆቼ ናቸው» አሉኝ፣ «ግራው አጠገቤ ያለው፣ ቀኙ ዓረብ አገር ያለው። አደራ፣ አንዱን ከአንዱ እንዳታበልጥብኝ።»

«እትዬ፣ ኮምፒውተር አያዳላም፣ ሐሳብ አይግባዎት።»

ግራዋን አንገቷን ቀና አድርጌ ሳልኩ፣ ሚረር አልኩት። ቀኟ አቀርቅራ መጣች። እመነኝ፣ አቀርቅራ! አጠፋሁ፣ ደገምኩ፣ ጭራሽ ጎንበስ አለች።

አሠሪዬ ጋሽ ሙዘሚል ከኋላዬ ሆኖ «አንተ፣ ርግብ እየሳልክ ነው እያረባህ? መብራት ሳይሄድ ቁረጥ!» አለኝ። ደሜ ፈላ፣ ሚረሩን ተውኩትና ቀኟን ነጥብ በነጥብ በእጄ ሳልኳት፣ እኩል ሆኑ፣ በዓይኔ በብረቱ አይቼ ነው ከኮምፒውተሩ ወደ ብረት መቁረጫው ማሽን የላክሁት።

መቁረጫው የግራውን ላሜራ ሽሽሽ ብሎ ባንድ ትንፋሽ ጨረሰው፣ ቀኙ ላይ ግን አንገቷ ጋ ሲደርስ ቆም፣ ትንሽ ሄድ፣ ደግሞ ቆም፣ ልክ ሲቃ እንደያዘው ሰው። ላሜራው ሲነሳ ርግቧ አቀርቅራለች። ስክሪኑ ላይ ደግሞ ቀና እንዳለች ናት!

በማግስቱ እትዬ ዘነቡ አጠገባቸው ካለው ልጃቸው ጋር መጡ። በሩን ግድግዳ ሳናስደግፍ መሃል ላይ አቁመነው ነበር፣ ሴትየዋ ያቀረቀረችውን በመዳፋቸው ያዟት።

«ዓረብ አገር ያለው ስልክ ካነሳ ሁለት ሳምንቱ ነው» አሉ።

«ኧረ እማዬ፣ ብረት እኮ ነው!» አለ ልጁ፣ በሩን ሊያነሳም በጀርባው በኩል ዞረ። እዛ ሲደርስ ቆመ። ከሱ በኩል ያቀረቀረችው በግራ ናት፣ እትዬ «አጠገቤ ያለው» ባሉት ቦታ። በተቆረጠው ብረት መሃል ፊቱ ይታየናል።

«እማዬ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ግራ ቀኝ ያልሽው ከውጭ ሲታይ ነው ከውስጥ?»

እትዬ ዘነቡ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ አይደለህ የሳልከው? ንገረኝ እንጂ!»

ምን ልበላቸው? ስክሪን ላይ እኮ ውጭና ውስጥ የለም።