ጀልባዋ አትሸትም

ካፒቴኑ የሞተው ሽንት ቤት ውስጥ ነው። ምረጥ ቢባል ኖሮ በዓለም ላይ ካሉት ቦታዎች የመጨረሻው አድርጎ የሚመርጠው ያንን ነበር፤ ኩሩ ሰው ነበርና።

«ካፒቴን» የወደቡ ሰዎች ያወጡለት ስም ነው። ዕድሜውን ሙሉ መሬት ሲቀይስ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ አንዲት ትንሽ ባለሸራ ጀልባ ገዛ፤ ነጭ ባርኔጣ ደፋ። ከዚያ ወዲህ በእውነተኛ ስሙ የጠራው የለም። ሰዎቹ ስሙን ያወጡለት ለፌዝ ነው፤ እሱ ግን የምሩን ተቀበለው።

መርማሪዋ ስትደርስ አስከሬኑ በጀልባዋ ሽንት ቤት ውስጥ፣ ፍሳሹን በሚገፋው የእጅ ፓምፕ ላይ እንደተደፋ ነበር። ክፍሉ ቁም ሳጥን ቢያህል ነው። ሰውነቱ ላይ ጭረት እንኳ የለም። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሮ ስለነበር ገንጥሎ የከፈተው የወደቡ ዘበኛ ነው።

«ስከፍተው ሽታው በጥፊ መታኝ» አለ ዘበኛው፣ አሁንም ፊቱ አመድ እንደመሰለ። «የገማ እንቁላል በሉት። ራሴን አዞረኝ። ላወጣው ገብቼ ራሴ በዳዴ ወጣሁ።»

«ከዚያ በፊት ጀልባዋ ላይ ማን ሲወጣ አዩ?»

«ወንድሙን። ካፒቴኑ ዳቦ ሊገዛ ሲሄድ ጠብቆ ገባ። ኮቱ ሥር የሆነ ነገር ወሽቆ ነበር።»

ወንድምየው ግን ዛሬ በዚያ በኩል ዝር አላልኩም ብሎ ምሎ ተገዝቷል። ይባስ ብሎ ትናንት ከካፒቴኑ ጋር ሲጨቃጨቅ «ይቺ ጀልባ አንድ ቀን ትገድልሃለች!» ያለውን ያልሰማ የወደብ ሰው የለም። አሁን እጁ በካቴና ታስሮ መሬት መሬት ያያል። ፖሊሶቹ ነገሩ አልቆላቸዋል፤ የቀራቸው እሱን ይዞ መሄድ ብቻ ነው።

«ሌላ ሰው አትፈልጊ፣ ልጄ» አለች የሟች ሚስት። «ዋርሳዬ ነው የገደለው!»

«በምን ገደለው፣ እሜቴ?»

«እኔ ምን አውቄ! መርዝ ይሆናላ!»

«የትናንቱ ጠብ በምን ነበር?»

ሴትዮዋ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች። «በማይረባ ነገር። በሽንት ቤቱ። ወንድሙ ቱቦዎቹ ይነቀሉ፣ ግማቱ ሰው ሊደፋ ነው ይለዋል። እሱ ደግሞ ጀልባዬ አትሸትም፣ እሷን የነካ ወንድሜ አይደለም ይላል።»

«እውነት ትሸት ነበር?»

«አትሸትም» አለች ሴትዮዋ ቶሎ ብላ። ከልማድ ነው። እዚያ ቤት ውስጥ ሁሉም እንዲህ ማለት ለምዷል። ቀጥላም «ዛሬ ከሰዓት የልጄ እጮኛ ወላጆች እዚህ ሊጋበዙ ነበር» አለችና እንባዋ ቀደማት።

መርማሪዋ ወደ ውስጥ ተመለሰች። የምግብ ማብሰያው ጥግ ላይ ግማሹ የተጠጣ የወተት ብርጭቆ አለ። አንስታ አሸተተችውና ወዲያው መለሰችው፤ ወተቱ ከተበላሸ ሰንብቷል። ትንሿ መስኮት ላይ የተሰቀለው የአበባ መጋረጃ አንድ ጫፉ በመቀስ ተቆርጧል። የካፒቴኑ የጋብቻ ቀለበት ደግሞ ጥላሸት የተቀባ ይመስል ጠቁሯል።

«ቀለበቱ ድሮም እንዲህ ነው?» ስትል ከመግቢያው ሚስትየዋን ጠየቀች።

«ኧረ የብር ቀለበት ነው! ትናንት ማታ ራሴ ፈትጌ አብርቼለታለሁ፣ እንግዳ ይመጣል ብዬ።»

መርማሪዋ ከጀልባዋ ጎን ተንጠልጥላ የውጪውን ግድግዳ በእጇ ዳበሰች። አውራ ጣት የሚያህል ቀዳዳ አገኘች። ቀዳዳው በቡሽ ተወትፏል፤ ቡሹ ላይ የተጠቀለለው ጨርቅ አበባ አበባ ነው። እዚያው ተንጠልጥላ ቆየች። ነገሩ ገብቷት ነበር፤ ባልገባኝ ብላም ተመኘች።

ሁሉንም ጀልባዋ ፊት ለፊት ሰብስባ አስቀመጠቻቸው፦ ሚስትየዋን፣ ወንድምየውን፣ የሟችን ሴት ልጅ። ልጅቷ የአባቷን ባርኔጣ ይዛ ዳር ዳሩን ታሻሻለች።

«ከሱሪህ እጀምራለሁ» አለች መርማሪዋ ወደ ወንድምየው ዞራ። «ጉልበቱ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች አዲስ ናቸው። ጣቶችህም ተቃጥለዋል። ኮትህ ሥር የያዝከው አሲድ ነው፣ አይደል?»

ሰውየው የተቃጠሉ ጣቶቹን ጨበጠ። «ለቱቦው ነው» አለ። «ቱቦው ውስጥ ሽንት እንደ ድንጋይ ተጋግሮበታል። ሽታው ከዚያ ነው የሚመጣው። አሲድ ደግሞ ያሟሟዋል። ያው... እንግዶቹ ሳይመጡ ብዬ ነው። ነካሁት ካልኩ ወንድሜ አይደለህም ይለኛል። እኔ እንዲሞት ብዬ አይደለም! በእናታችን አጥንት!»

«ስማ ብቻ ውሸቱን!» አለች ሚስትየዋ።

«አልዋሸም፣ እሜቴ። ወደብ ውስጥ ፍሳሽ ባሕር ላይ አይለቀቅም፤ አልጋው ሥር ያለው ታንከር ውስጥ ይጠራቀማል። እዚያ የከረመ ፍሳሽ ላይ አሲድ ሲፈስ መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋል። የገማ እንቁላል የሚሸት፣ ብር የሚያጠቁር ጋዝ ነው። ዘበኛውን ያዞረው፣ ቀለበቱንም ያጠቆረው እሱ ነው።»

«እንዲያውስ! አሲዱን ያፈሰሰው እሱ ነዋ!»

«ታንከሩ ግን መተንፈሻ አለው» አለች መርማሪዋ፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ጋዙ በጀልባዋ ጎን ባለች ትንሽ ቀዳዳ ወደ ውጭ መውጣት ነበረበት።» እጇን ዘረጋች። አበባ ጨርቅ የተጠቀለለበት ቡሽ መዳፏ ላይ ነበር።

ሚስትየዋ ቡሹን አየችው።

«እንግዶቹ... እንግዶቹ የሚቀመጡት በዚያ በኩል ነው» አለች። «ሽታው በዚያ ቀዳዳ ሲወጣ አይቼ... ለዛሬ ብቻ ልወትፈው ብዬ ነው። እሱ እንዳያፍር። ለዛሬ ብቻ!»

«መውጫ ያጣው ጋዝ ታንከሩ ውስጥ ታጨቀ። ካፒቴኑ በሩን ቀርቅሮ ፓምፑን ሲገፋ በመቀመጫው በኩል ወጣበት። እስከዚህ ድረስ እጃቸው ያለበት ሁለት ሰዎች ናቸው። ግን ማንም ሰው ያንን ግማት ገና ሲጀምር በሩን በርግዶ ይሮጣል። እሱ ለምን አልሮጠም? ለምንስ የገማ ወተት እስከ ግማሽ ጠጣ?»

መልሱን የሰጠችው ልጅቷ ናት።

«አባዬ አይሸተውም ነበር።» ባርኔጣውን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። «ባለፈው ከታመመ ጀምሮ ምንም ነገር አይሸተውም። ለእናትሽ እንዳትነግሪ ብሎ አስምሎኛል፤ ከሰማች ባሕር ላይ አትለቀኝም አለኝ። እኔም... እኔም ለማንም አልነገርኩም።»

ወንድምና ሚስት ግትር ነው ብለው የተቆጡበት፣ የሸሸጉለት፣ ከኋላው ዞረው ያስተካከሉለት ሰው፣ ጀልባዬ አትሸትም ሲል እውነቱን ነበር።

መርማሪዋ በሥራ ዘመኗ ብዙ ነፍሰ ገዳይ ይዛለች፤ እንዲህ ግን እጇ ባዶ ሆኖ አያውቅም። የወንድምየውን ካቴና ራሷ ፈታችው።

«እና ማንን ልታስሪ ነው?» አላት፣ እጆቹን እንደታሰሩ ያህል አጋጥሞ እንደያዘ።

መርማሪዋ አጽናኝ ቃል ፈለገች፤ የተገኘው ሁሉ ውሸት ውሸት አላት። «ወደ ቤታችሁ ሂዱ» ብቻ አለች። ማንም አልሄደም።

ሚስትየዋ ቀስ ብላ ተነሳች። ዋርሳዋ ሊደግፋት ብድግ ሲል ክንዱን ያዘችና አብራው ጀልባዋ ውስጥ እስከ ሽንት ቤቱ ደጃፍ ገባች። አስከሬኑ ገና አልወጣም፤ የተገነጠለው በር ላይ አንሶላ ተጋርዶበታል። ወደ አንሶላው ጎንበስ አለች፣ እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው እንደምታናግር።

«ትሸት ነበር፣ የኔ ካፒቴን» አለችው። «በጣም ትሸት ነበር።»