ኛይየን የማን ልጅ ናት

ሙሉብርሃን ጥያቄዋን ደገመችው። «አንድ ትምህርት ቤት ነው የምትማሩት?»

ኛሪየክ እናቷን አየቻት። ግቢያቸው ውስጥ ኒም ዛፉ ሥር በፕላስቲክ ወንበር የተቀመጠችው ሙሉብርሃን የሕፃናት ጉዳይ ባለሙያ ናት፤ ከመንግሥት ቢሮ ነው የመጣችው። ፊት ለፊቷ የኛሪየክ እናት ኛፑዎት ሕፃኑን አዝላ ቆማለች። አጠገቧ ደግሞ የኛሪየክ አጎት ልጅ ኛይየን አለች። ኛይየን የለበሰችው ዩኒፎርም የኛሪየክ ነው። የጎረቤት ልጅ «የመንግሥት መኪና እናንተ ጋ እየመጣ ነው» ብሎ ሲሮጥ እናትየው ከገመድ ላይ አውርዳ አለበሰቻት። ገና እርጥብ ነበር።

«አዎ» አለች ኛሪየክ። «አብረን ነው።»

እናቷ ቀበል አድርጋ፣ «ሁለቱም የኔ ልጅ ነው» አለች። ዓሣ ስትሸጥ ከገበያ የለቀመችው አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም። «ሁለቱም ይማራል።»

ሙሉብርሃን ኛይየንን ስንተኛ ክፍል እንደሆነች ጠየቀቻት። ኛይየን አማርኛው ስላልገባት ኛሪየክን አየቻት፤ ኛሪየክም አምስተኛ ብላ መለሰችላት። ሴትየዋ አመስግና ተነሳች፤ መኪናውም አቧራውን አስነስቶ ሄደ።

ኛይየን ዩኒፎርሙን አውልቃ፣ አጥፋ ሰጠቻት። ከዚያ ጀሪካኖቹን አንስታ ወደ ቦኖው ወረደች። ብትሰድባት ለኛሪየክ ይቀላት ነበር።

ኛይየን የመጣችው ከድንበር ማዶ ነው። አባቷ፣ የኛሪየክ አጎት፣ እዚያ በጦርነቱ ሞተ፤ እናቷ የት እንደደረሰች የሚያውቅ የለም። ከሚሸሹ ጎረቤቶች ጋር ተሻግራ ጀዊ የስደተኞች መጠለያ ተመዘገበች። የኛሪየክ አባት ፑዎክ ይህን እንደሰማ ሄዶ ከድንኳን ለድንኳን ፈልጎ አገኛት፤ እጇን ይዞ ወደ ቤቱ አመጣት። «ልጄ ናት» አለ። ሲናገር ድምፁ ተሰብሮ ነበር፤ የተጠራጠረውም የለም።

ኋላ ሕፃኑ ተወለደ። እናቷ ገበያ መዋል ነበረባት፤ የቧንቧው ውሃ ደግሞ ከሚመጣበት የሚቀርበት ቀን ይበዛል። አንድ ሰው ቤት መቅረት ነበረበት። ማንም ቁጭ ብሎ ሳይወስን ያ ሰው ኛይየን ሆነች። የመታት የለም፤ የምትበላውም ከእነሱ ጋር ከአንድ ሳህን ነው። ትምህርት ቤት ብቻ አልሄደችም። ኛሪየክ ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ተረጋግታ የምታጠናው ውሃውን የሚሸከም ሌላ ትከሻ ስላለ ነው። ይህን ታውቃለች፤ ማወቁን ግን አትወደውም።

ባለሙያዋን ያመጣው የራሷ የኛሪየክ አፍ ነበር። የሥነ ዜጋ መምህራቸው ቲቸር ጥዑመልሳን፣ መንግሥት በቤተሰብ ጉዳይ መግባት አለበት ወይስ የለበትም ብሎ አከራክሯቸው ነበር። የክፍላቸው ልጅ ያክ፣ መንግሥት መጀመሪያ መብራት ያስገባልንና ከዚያ ራሱ ይገባል ብሎ ክፍሉን በሳቅ ገደለው። ኛሪየክ ግን እጇን አውጥታ፣ በአንድ ቤት ውስጥ የምትማርና የማትማር ልጅ ብትኖርስ አለች። መምህሩ ከክፍል በኋላ አስቀርቶ ጠየቃት፤ ነገረችው፤ እሱም ለቢሮው አሳወቀ። ባለሙያዋ መጥታ እፊቷ ስትቀመጥ ደግሞ እናቷን አይታ ካደች።

ጥቂት ቀን ውሸቱን ተሸክማ ዋለች። በመጨረሻ ከትምህርት ቤት ስትወጣ መንገዷን ቀይራ ወደ ቢሮው ሄደችና ሙሉብርሃን ጠረጴዛ ፊት ቆመች።

«ዩኒፎርሙ እርጥብ እንደነበረ አይቻለሁ» አለች ሙሉብርሃን ሰምታ ስትጨርስ። «ግን ከቤት ሰው ካልተናገረ የማደርገው ነገር የለም።»

«አሁን ትምህርት ቤት ታስገቧታላችሁ?»

ሴትየዋ ዓይኗን ወደ ጠረጴዛው መለሰች። ክፉ ሰው አትመስልም፤ ደክሟታል እንጂ። ኛይየን በጀዊ የተመዘገበች ልጅ እንደሆነች፣ ፑዎክም በሕግ አሳዳጊዋ እንዳልሆነ አስረዳቻት። መጥቶ በአሳዳጊነት ከፈረመና ላስተምራት ብሎ ከተስማማ ከእነሱ ጋር ትኖራለች። እምቢ ካለ ወደ መጠለያው ተመልሳ ሌላ ቤተሰብ ይመደብላታል።

ፑዎክ ተጠርቶ ሄደ። ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠ። እሱ ራሱ የመንግሥት ቢሮ ሹፌር ነው፤ ኃላፊዎችን ስለ ሕፃናት መብት ወደሚወራበት ስብሰባ ስንት ጊዜ አድርሷል። የኛሪየክ እናት በቀስታ፣ አንድ ፊርማ አይደል፣ ፈርመው አለችው።

«ወንድሜ ሲሞት የመጣ መንግሥት የለም» አለ። «ልጁን ከጭቃ ያነሳኋት እኔ ነኝ። ዛሬ የወንድሜን ልጅ ላሳድግ ፈቃድ ልለምን?»

እናቷ ማስተማሩስ አለች። ማስተማር እንደሚችል፣ ታዞ ግን እንደማያደርገው ነገራት፤ ሳይፈርም ቀረ። ያን ዕለት በዚያ ቤትም ሆነ በዚያ ቢሮ ኛይየንን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ኛሪየክም ብትሆን አልጠየቀቻትም።

ኛይየንን ሊወስድ መኪናው የመጣ ቀን ፑዎክ ሥራ አለብኝ ብሎ በጠዋት ወጥቶ ነበር። ጎረቤቶች በየበራቸው ቆመው ያያሉ። ኛይየን ልብሷን በፌስታል ይዛ ሕፃኑን ለእናትየው መለሰች። ኛሪየክ አጠገብ ስትደርስ ቆመች።

«አንቺ ነሽ የነገርሻቸው?» አለቻት በቋንቋቸው።

«እኔ ነኝ። እንድትማሪ ብዬ ነው።»

«እኔን ለምን አልጠየቅሽኝም?»

ኛይየን ወደ መኪናው ገባች። የመኪናው በር ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ቦኖው የኛሪየክ ሆነ። ክፍል ውስጥ እያንቀላፋች ቁጥሩ ይምታታባታል። ቲቸር ጥዑመልሳን ትክክለኛውን ነገር ነው ያደረግሽው ሲላት አንገቷን ነቀነቀች፤ አንገቷ ከጀሪካኑ የተነሳ ያማታል። አባቷ አልተቆጣትም። ጎረቤት ሲጠይቀው ዘመዶቿ ጋ ሄደች ይላል፤ ሌላ ዘመድ ያላት ይመስል። ቤት ውስጥ ግን ስሟን አያነሳም፤ ሌላውም አያነሳም።

አንድ ቅዳሜ ኛሪየክ ለእናቷ ብቻ ነግራ በሚኒባስ ወደ ጀዊ ሄደች። ብዙ ጠይቃ አገኘቻት። ኛይየን ከአንድ መጠለያ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ የሌላ ሰው ልጅ ፀጉር ትሠራለች። አሳዳጊ ተብላ የተመደበችው ሴት ክፉም ደግም አልነበረችም፤ ኛሪየክን ተቀመጪ አለቻት፤ ውሃ ሰጠቻት። ኛይየንን ለጎረቤቷ ስታስተዋውቅ ግን፣ «ይቺ የተመደበችልኝ ናት» አለች። ስሟን አልጠራችም።

ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ ኛሪየክ ስለ ትምህርቱ ጠየቀች። ኛይየን ትማራለች። ክፍሉ ሰው ይበዛበታል፤ ኋላ የተቀመጠ ሰሌዳው አይታየውም፤ እሷ ግን በጠዋት ሄዳ ፊት ትይዛለች። ስሟን መጻፍ ችላለች። በጣቷ አሸዋው ላይ ጻፈችላት፤ ፊደሎቹ ተንጋደዋል።

«እዚህ እማራለሁ» አለች ኛይየን። «ልጄ የሚለኝ ግን የለም።»

ኛሪየክ ይቅርታ ልትል ፈልጋ ነበር፤ ይቅርታው ግን ለራሷ እንጂ ለኛይየን የሚጠቅማት አልመሰላትም።

«አንቺ ምንድን ነው የምትፈልጊው?» አለቻት። ስትጠይቃት ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ኛይየን የተጠየቀችው ነገር ቀላል እንደሆነ ሁሉ ትከሻዋን ነቀነቀች። «ሁለቱንም» አለች።

ኛሪየክ ከተማ ስትገባ አመሻሽ ላይ ነበር። አባቷ ደጅ ላይ የቢሮውን መኪና ያጥባል።

«ጀዊ ነበርኩ» አለችው። «ኛይየንን አየኋት።»

ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ነከረ፤ ጨመቀ። የፊቱን በር ማሸት ጀመረ።

«መማርም፣ እኛ ጋ መኖርም እፈልጋለሁ ብላለች።»

«ቢሮሽን ጠይቂ» አለ ቀና ሳይል። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢኖርበት ትሸሽ ነበር።

«እነሱንም እጠይቃለሁ፤ ሰኞ እሄዳለሁ። ግን መጀመሪያ አንተን ነው የጠየቅኩህ።»

ፑዎክ የታጠበውን በር መልሶ አሸው። ከውስጥ ሕፃኑ ያለቅሳል፤ እናቷም ለእራት ትጣራለች። ኛሪየክ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እናቷ ሁለተኛ ጠራቻት። አባቷ መኪናውን ዞሮ በሌላኛው በኩል ጎንበስ ሲል፣ እሷም ፊቱ ወደሚታይበት ተሻግራ ተቀመጠችና መጠበቋን ቀጠለች።