ከድንጋዩ ድልድይ ሥር

ዋልተር ኒግሬን ከድንጋዩ ድልድይ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ሞቷል። ካሜራው አንገቱ ላይ ነው። ከማጅራቱ የፈሰሰው ደም ሌሊት የጣለውን በረዶ አቅልቶታል።

አስከሬኑን ያገኘችው ዶሪን ሃውገን እጆቿ ማረፊያ አጥተዋል። ጓንቷን ታወልቃለች፤ መልሳ ታጠልቃለች። ፖሊሱ ከአጠገቧ አልለይ ብሏል።

«ያለው የሁለት ሰው ዱካ ነው፤ የሟቹና የእሷ» አለ ለመርማሪ ቬርና ሆልት። «ትናንት ደግሞ በፎቶ ማኅበራቸው ስብሰባ ላይ በሰው ፊት ተጣልተዋል። ካቴና ላጥልቅላት?»

«ቆይ እስቲ፣ አትጣደፍ።» ቬርና ከሟቹ ዱካ አጠገብ ተንበረከከች። «ወይዘሮ ዶሪን፣ ምን አጣላችሁ?»

«ፎቶዬን ለዐውደ ርእዩ አልመርጥም ብሎ። ‹ድመትሽ ብታነሣው ይሻል ነበር› አለኝ። ሰው በዚህ ይገደላል?»

«በዚህም ሲገደል አይቻለሁ።»

ዶሪን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«የእርስዎ ዱካ ልል ነው» አለች ቬርና። «የእሱ ግን እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ለምን ይመስልዎታል?»

ዶሪን ጎንበስ ብላ አየች። «ተከትሎት የገባ ሰው አለ! የማኅበራችን ደንብ ነው፤ ኋላ የመጣ የፊተኛውን ዱካ ይረግጣል። አለዚያ የሌላው ሰው ፎቶ ይበላሻል።»

«እርስዎስ ደንቡን ለምን ጣሱ?»

«ወድቆ አይቼው ሮጥኩ! ስለ ፎቶ ማን አሰበ?»

የቀሩት ሁለት የማኅበሩ አባላት ተጠርተው፣ የበረዶ ተንሸራታቾች በሚሞቁባት ቤት ምድጃ ዙሪያ ተሰበሰቡ። ኧርል በከዘራው ተደግፎ ገባ። ረጅሙ ክሊፍ ብራንት ካሜራውን በቦርሳ አንግቷል።

«ስትደውሉ ካሜራዬን ከወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አነሣሁና፣ በሞቀ መኪና እስከ ደጃፉ መጣሁ» አለ ክሊፍ።

«ታቅፎት ነው የሚተኛው» አለ ኧርል። «ሚስቱ ጥላው የሄደችው ለዚሁ ነው።»

«እንግዲያው ሁላችንንም አንድ ላይ ፎቶ ያንሡን» አለች ቬርና።

«አሁን አይሆንም» አለ ክሊፍ ሳያስብ። «ከብርድ እንደገባ ሌንሱን ጉም ይሸፍነዋል። በቦርሳው ትንሽ ይሙቅ።»

ዶሪን ከሁሉም በፊት ገባት።

«ከሞቀ ቤት፣ በሞቀ መኪና የመጣ ካሜራ እንዴት ይበርደዋል?» አለች ቬርና። ቦርሳውን ተቀብላ ከፈተችው፤ ሌንሱ ወዲያው ነጭ ጉም ለበሰ። «በእያንዳንዱ የሟቹ ዱካ ውስጥ የተረከዝ ምልክት በሁለቱም ጫፍ አለ። በዚያው ገብቶ በዚያው የወጣ ሰው አለ ማለት ነው፤ ዋልተር ግን አልወጣም። አቶ ኧርል እንዳይሆኑ፣ በዱካው ዳር የከዘራ ቀዳዳ የለም። ወይዘሮ ዶሪን አጭር ናቸው፤ የዋልተርን ረጅም እርምጃ ልከተል ቢሉ መዝለል ነበረባቸው። ቀሩ እርስዎ፣ አቶ ክሊፍ።»

ክሊፍ ተቀመጠ። «አምና የተሸለምኩበት ፎቶ የእሱ ነበር። ዛሬ ለሁላችሁም እነግራለሁ አለኝ። ገፋሁት፤ ድንጋዩ ማጅራቱን አገኘው።»

ፖሊሱ ካቴናውን ይዞ ዶሪንን አልፎ ሄደ። ቬርና የክሊፍን ካሜራ አበራች። በመጨረሻው ፎቶ ላይ ዋልተር ከድልድዩ ሥር በሕይወት ቆሞ፣ በቁጣ እጁን አንሥቷል። ዙሪያው ያልተነካ በረዶ ነው፤ ጎሕ ሲቀድ የተወለደው ብርሃን በትከሻው ላይ ወርዷል።

«ይህን እንኳ ምነው ሳያጠፉት ቀሩ?»

«እንዲህ ያለ ብርሃን» አለ ክሊፍ ወለል ወለሉን እያየ፣ «በዕድሜ አንዴ ቢገኝ ነው።»

ዶሪን በቬርና ትከሻ ላይ አሻግራ አየችው። ፎቶው ግሩም ነበር። ይህን ለማለት ግን አፏ አልታዘዛትም።