እማዬን ቃል ያስጠናችው

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን በዓይኔ ያየሁትን፣ በጆሮዬ የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ።

ሌሊት የሆነ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

ሥራዬ ላብራቶሪ ነው፤ ደም እቀዳለሁ። ያኔ አንድ ጥናት ይዘን ነበር። ደም ውስጥ አንቲኦክሲዳንት የሚባሉ፣ ሰውነትን ከጉዳት የሚከላከሉ ነገሮች አሉ። እነሱ ያነሱባቸው አዛውንቶች በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ይጨምር እንደሆነ ነበር የሚጠናው። እኔ ደም እቀዳለሁ። ዶክተሩ ደግሞ ሦስት ቃላት ይነግራቸውና ከአምስት ደቂቃ በኋላ ድገሙ ይላቸዋል።

እማዬንም አስመዘገብኳት። የምንኖረው ሁለታችን ብቻ ነን። ድስት ጥዳ መርሳት ጀምራ ነበር። እኔ እርጅና ነው እያልኩ ራሴን ስሸነግል ከረምኩ።

የደም ውጤቱ ሲመጣ ከሁሉም ዝቅ ያለው የእሷ ሆነ።

እና... አጭበረበርኩ። የቃላቱን ዝርዝር ስለማውቀው ቤት አስጠናኋት። ቁልፍ... ወንበር... ሎሚ። ሳምንቱን ሙሉ፣ ማታ ማታ ከሥራ ስገባ፣ እንደ ሕፃን ቀስ እያልኩ አስደገምኳት። ፈተናውን ከወደቀች እየጠፋችብኝ መሆኑን ማመን ሊኖርብኝ ነው። እሱን ደግሞ አልቻልኩም።

የፈተናው ቀን እኔ ከጠዋቱ በአስራ ሁለት ሰዓት ሥራ ገባሁ። እሷን በኋላ ጎረቤታችን አመጣችልኝ። እንደገና ደም ልቀዳት እጅጌዋን ሰበሰብኩ።

ክንዷ ላይ ፕላስተር ተለጥፏል።

ቆይ...

እኔ ፕላስተር ስለጥፍ አንዱን ጫፍ አጠፍ አድርጌ ነው። የአዛውንት ቆዳ ስስ ስለሆነ፣ ሲነሳ እንዳያማቸው ብዬ። ባልደረቦቼ ይቀልዱብኛል፤ ከእኔ በቀር እንዲህ የሚያደርግ የለም።

የእማዬም ፕላስተር ጫፉ ታጥፏል። ከሥሩ ያለው ጥጥ ላይ ደሙ ገና አልደረቀም።

እኔ እሷን ደም ከቀዳኋት ወር አልፎኛል።

"ማን ነው የቀዳሽ?" አልኳት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

"አንቺ ነሻ" አለችኝ። "ዛሬ ጠዋት።"

ረስታ ነው አልኩ።

ዶክተሩ ገባ። ቃላቱ እንደተቀየሩ፣ አዲሶቹ ባልተከፈተ ፖስታ ውስጥ እንዳሉ ነገረን። በቃ አለቀልን አልኩ በልቤ።

ፖስታውን ሊቀድ ሲል እማዬ ቀደመችው።

"መሰላል... ጨው... መስኮት።"

ዶክተሩ ሳቀ። እማዬ ተጫዋች ስለሆነች ቀልድ መስሎታል። ፖስታውን ቀደደና አነበበ። ደግሞ አነበበ።

ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ጠርጥሮኛል። ማጭበርበሩንስ አጭበርብሬያለሁ፤ ግን እነዚህን ቃላት አይቻቸው አላውቅም።

"እማዬ... እነዚህን ማን አስጠናሽ?"

"ልጄ።"

"እኔ ያስጠናሁሽ ሌላ ነው።"

ጠጋ ብላ በጆሮዬ አንሾካሾከች።

"አንቺማ የማታዋ ነሽ። የቀኗ ናት... ጓዳ ሆና ነው የምታስጠናኝ።"

ዶክተሩ የሰማ አይመስለኝም። በጣቱ ወደ እኔ ጠቆመና "እማማ፣ ይቺ ማናት?" አላት።

እማዬ ብዙ ቆይታ አየችኝ። ለእንግዳ ሰው የምትሰጠውን ፈገግታ ሰጠችኝ።

"ነርሷ ናት" አለች። "ልጄ ቤት ናት።"

አልዋሻችሁም፣ ከፍርሃቱ ይልቅ ያቺ ቃል ገደለችኝ። እንባዬ መጣ። አስፈቅጄ ይዣት ወጣሁ።

ቤት ስንደርስ ልክ ስድስት ሰዓት ነበር። በሩ ተቆልፏል። በራሴ ቁልፍ ከፈትኩት።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ተቀድቷል... ሁለቱም ይተናሉ።

የጓዳው በር ገርበብ ብሏል።

እማዬ እጇን ከእጄ አላቀቀች። ጫማዋን አወለቀች። ፊቷ ፈታ አለ፤ እንዲህ ሆና ካየኋት ስንት ጊዜዬ።

"መጣሁ ልጄ" አለች። ወደ ጓዳው ነው የምታወራው።

ከጓዳው መልስ መጣ።

ድምፁ የእኔ ነው። ሳስጠናት እንደማወራው... ቀስ ብሎ... ረጋ ብሎ።

"እማዬ... ማንን ይዘሽ መጣሽ?"

እማዬ ዞረች። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

"እንጃ ልጄ" አለች። "ተከትላኝ ነው የመጣችው።"