ከወረቀቱ ሥር

ጠጋኙ ሞቶ የተገኘው በማኅበሩ መጋዘን ወለል ላይ፣ ትልቅ የእንጨት ሳጥን ጀርባውን ተጭኖት ነው። ስም ቢኖረውም ሁሉም የሚጠራው በሙያው ነበር። እዚህ ባሕር ማዶ ያሉ ሆስፒታሎች የጣሉትን የኦክስጅን መሣሪያ እየፈታና እየገጠመ፣ አገር ቤት ላለው ክሊኒክ ያዘጋጃል። ክሊኒኩን ያሠራው የአንድ ወረዳ ስደተኞች ያቋቋሙት ይኸው ማኅበር ነው።

መርማሪዋ የደረሰችው ረፋድ ላይ ነው። እሷም የስደተኛ ልጅ ነችና ማኅበርተኞቹ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አዋሯት።

«አራት ሰዓት ላይ ዕቃ ልጭን ስመጣ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት» አለ ሹፌሩ። «ምናልባት ትናንት ሳጥኑን መደርደሪያው ላይ ሳስረው ሳላጠብቀው ቀርቼ ይሆናል። ወየው ለእኔ!»

መርማሪዋ ቀና ብላ መደርደሪያውን አየች። ሳጥኑ ታስሮበት የነበረው ገመድ እኩል እኩል ተጠቅልሎ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

«ገመዱን የሰቀሉት እርስዎ ነዎት?»

«ኧረ እኔ አይደለሁም! ሳጥኑን ላነሳ ስታገል ነበር እንጂ ገመድ መቼ ታየኝ?»

ከሳጥኑ ሥር፣ ከሟቹ ሽርጥ ኪስ ውስጥ፣ መስተዋቱ የተሰነጠቀ ስልክ ወጣ። ሦስት ሰዓት ላይ ከክሊኒኩ አዋላጅ መልእክት ደርሶታል። መርማሪዋ አነበበችውና ለማንም ሳታሳይ ኪሷ ከተተችው።

የማኅበሩ ጸሐፊ በከተማው ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናት። ከስድስት ሳምንት በፊት ታናሽ እህቷ በዚያ ክሊኒክ ስትወልድ መሣሪያው መሀል ላይ ቆሞ ሞታለች።

«ከሟቹ ጋር እንዴት ነበራችሁ?»

«ሰላምታ ነሥቼዋለሁ። ‹ተፈትሿል› ብሎ ወረቀት የለጠፈው እሱ አይደል? በምሠራበት ክፍል መሣሪያው ሲተነፍስ እህቴ የምትተነፍስ ይመስለኛል። ዝም ሲል ደግሞ ሮጬ እወጣለሁ።»

የሊቀመንበሩ ቢሮ ከመጋዘኑ አጠገብ ነው። እስክሪብቶዎቹ በሰልፍ ተደርድረዋል፤ ግድግዳው ላይ የክሊኒኩ ምረቃ ፎቶ አለ።

«ከእሑድ ወዲህ ዓይኑን አላየሁትም» አለ። ጠረጴዛው ላይ የተዝረከረከውን የስልክ ገመድ አንሥቶ እኩል እኩል ጠቀለለና ሰቀለው። «ሐዘን ሰው ያሳብዳል፣ እሜቴ። እህቷን የገደለው መሣሪያ ከወረቀቱ ሥር ቀይ ምልክት እንደነበረው ስታውቅ፣ ነርሷ እንዴት ዝም ትላለች?»

መርማሪዋ አመስግናው ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«የወደቀ ሳጥን ገመዱን ጠቅልሎ አይሰቅልም» ብላ ጀመረች። «አንድ ሰው ፈትቶታል። ሳጥኑን ከገፋ በኋላ ደግሞ እጁ የለመደውን ሠራ። ዛሬ ረፋድ ይኸው እጅ የስልክ ገመድ ሲጠቀልል አይቻለሁ።»

«ይሄ ማስረጃ ነው?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ብቻውን አይደለም።» ስልኩን አውጥታ አነበበች፦ «‹ጋሼ፣ የቆመውን መሣሪያ ስወለውል ወረቀቱ ተላጠ፤ ከሥሩ የእርስዎ ቀይ ምልክት አለ። አይሠራም ያሉትን ለምን ላኩልን? ለማንም አልተናገርኩም።› ይህ የተላከው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። አራት ሰዓት ላይ ጠጋኙ ሞቶ ተገኘ። ነርሷ ስለ ወረቀቱ እንጂ ስለ ቀዩ ምልክት አታውቅም። እርስዎ ግን ያውቃሉ። ከእሑድ ወዲህ ካላዩት ማን ነገረዎት?»

ሊቀመንበሩ ሳጥን ላይ ተቀመጠ።

«የምረቃው ቀን ተቆርጦ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ስድስት መሣሪያ ይመጣል ብለን ለሕዝቡ ተናግረናል። ሁለቱን አይሠሩም ብሎ ቀይ አደረገባቸው። በምን ዓይናችን እናያቸዋለን? ብዬ እንደሌሎቹ ‹ተፈትሿል› የሚል ወረቀት ለጠፍኩባቸው። ዛሬ ጠርቶኝ ‹ለሁሉም እናገራለሁ› አለኝ። ማኅበሩ ይፈርሳል ብዬ ለመንኩት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ዕቃውን ሊሰበስብ መደርደሪያው ሥር አጎነበሰ…»

ነርሷ ድንገት ብድግ አለች።

«ሁለት ነው ያልከው? ሁለተኛውስ የታለ?»

መልሱን ሳትጠብቅ አዋላጇ ጋ ደወለችና ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«እህቴ፣ የቀሩትን አምስት መሣሪያዎች ወረቀት አሁኑኑ ላጪ!»

ከአገር ቤት ወረቀት ሲቀደድ ተሰማ። «ይሄ ንጹሕ ነው… ይሄም… ይሄም…» የአራተኛው ወረቀት ተቀደደ። «ቀይ ነው። ወይኔ፣ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ሕፃን በዚህ ነው የሚተነፍሰው!»

«ሩጪ! ወደ ንጹሑ አዛውሪው!»

እርምጃ ተሰማ፤ ጎማ ሲጥ ሲጥ አለ፤ ብረት ከብረት ተጋጨ። ከዚያ ምንም የለም። ሹፌሩ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሊቀመንበሩ ጆሮውን ያዘ።

በመጨረሻ ቀጭን፣ የተቆጣ ልቅሶ መጋዘኑን ሞላው።

«ተዛውሯል» አለች አዋላጇ እያለከለከች። «ደኅና ነው።»

ነርሷ ሟቹ ወድቆበት ከነበረው ቦታ አጠገብ ተቀመጠች።

«ያንን መሣሪያ ወደ ውጭ አውጪው» አለች። «ስልኩን ግን አትዝጊው፣ እህቴ። ሕፃኑን ትንሽ ልስማው።»