የመግቢያው የመጨረሻ ቀን

ልብስ ሰፊው የሞተው ለመንገድ እንደለበሰ ነው። ግራጫ ሙሉ ልብሱ ላይ አንዲት ትርፍ ክር የለችም፤ ከረባቱ ታስሯል፤ ፓስፖርቱ ደረት ኪሱ ውስጥ ነው። ሻንጣው በሩ ሥር ቆሞ ተሸካሚ ይጠብቃል። እሱ ግን አልጋው ላይ በጀርባው ተኝቶ፣ ብርድ ልብስ እስከ አገጩ ለብሶ፣ ሰው ላለማስቸገር እንደሚጠነቀቅ እንግዳ ጸጥ ብሏል።

መርማሪዋ ክፍሉ መሀል ቆማ ለረጅም ጊዜ ምንም ሳትነካ ተመለከተች። ባልደረቦቿ «ጭምቷ» ይሏታል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከሥራ ስትመለስ የራሷን በር በራሷ ቁልፍ ከፍታ የምትገባ ሴት ናት፤ ቤት ስትገባ ሰው ስለሌለ ራዲዮ መክፈት ልማድ ሆኖባታል።

ጎንበስ ብላ የብርድ ልብሱን ጫፍ አየች። ከእግሩ ሥር በደንብ ተጠቅልሎ ገብቷል። የተኛ ሰው የራሱን እግር እንዲህ አድርጎ ሊጠቀልል አይችልም። ጫማው አልጋው ሥር ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ ማሰሪያው እስከ ታች ተፈትቷል። ራስጌው ካለው ጠረጴዛ ላይ ሻይ የተጠጣበት ብርጭቆ አለ፤ ሥሩ ላይ ማር ረግቷል።

መጀመሪያ ያነጋገረችው የሟቹን የታላቅ እህት ልጅ፣ የታክሲ ሹፌሩን ነው። ዓይኑ ቀልቷል።

«ያገኘኸው አንተ ነህ?»

«አዎ። ኤርፖርት ላደርሰው ነበር የመጣሁት። ከደጅ ክላክስ ባደርግ፣ ባደርግ፣ ዝም። ገብቼ ‹አጎቴ፣ አውሮፕላኑ እኮ እንደኔ ታክሲ አይጠብቅህም› ብዬ ትከሻውን ስነካው...» ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

«ብርድ ልብሱን አንተ ነህ ያለበስከው?»

«እኔ አይደለሁም። እንደዚሁ ሆኖ ነው ያገኘሁት።»

«እሱ ሲሄድ ይሄ ክፍል የማን ሊሆን ነበር?»

ሹፌሩ አንገቱን ደፋ። «የኔ። ላገባ ነው። ግን እግዜር ያሳይሽ፣ በገዛ እግሩ ሊወጣልኝ የነበረን ሰው ምን አደረገኝ ብዬ እገድለዋለሁ?»

መርማሪዋ ይህን መልስ ወደደችው። ጮክ ብላ ግን አልተናገረችም።

ጓሮ ያለችውን አንድ ክፍል የተከራየችው ነርስ ሳትጠየቅ ጀመረች። «ከኔ የወሰዱት ኪኒን ነበር። አውሮፕላን እንደሚፈሩ ነግረውኝ አንድ ማረጋጊያ ሰጠኋቸው። ሊሳፈሩ ሲሉ ይዋጡት ብያቸዋለሁ። አንድ ፍሬ ሰው አይገድልም።»

«ተይ ሲስተር፣ አልከሰስኩሽም። ብርድ ልብስ አልብሰሻቸዋል?»

«ጩኸቱን የሰማሁት ገና ከሥራ ስመለስ ነው።»

«ፍርሃቱ ካልለቀቃቸው ጉዞውን ለሌላ ቀን ማዛወር አይችሉም ነበር?»

«እኔም ያንኑ ብያቸዋለሁ! ቪዛቸው የዘጠና ቀን ነው፤ ምን ያስቸኩላል?»

ጎረቤቱ ጡረተኛው መምህር በረንዳው ላይ የቼዝ ሰሌዳ ዘርግቶ ብቻውን ተቀምጧል። ጠጠሮቹ ገና አልተነኩም።

«ትናንት ተሰናበትኩት» አለ። «ዛሬ ሲወጣ ማየት አልፈለግሁም። እንደሱ የሚያናድደኝ ሰው ከዚህ በኋላ ከየት አገኛለሁ? ደግሞ ሰሞኑን ከቼዙም ቀርቶ ነበር። ሳምንት መጥቶ ሳምንት ሲሄድ ብቅ አይልም። ወዴት ትጠፋለህ ስለው ይስቃል።»

«እንዳይሄድ አልፈለጉም?»

«እንዴታ! ትንሽ ቆይ ብዬ ለምኜዋለሁ። ዘጠና ቀን የሚል ቪዛ ይዞ ዛሬ ካልሄድኩ አለ። ግትር ነው።»

«ሻይ በማር ይወድ ነበር?»

«ስኳር በሽታ እያለበት? ሻዩን እንደ ኮሶ መራራውን ነው የሚጠጣው።»

መጨረሻ ወደ ወጥ ቤት ገባች። የሟቹ ታናሽ እህት የታጠበ ድስት እንደገና እያጠበች ነበር። አጠር ያለች፣ ግራ ትከሻዋ ዘቅዘቅ ያለ ሴት ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ በወንድሟ ልብስ ስፌት ቤት ካውያ ስትገፋ የኖረች። አላገባችም፤ አልወለደችም።

«እትዬ፣ ነፍስ ይማር።»

«ይማር» አለች ሳትዞር። «እኔስ ሂድ ስለው ነበር የከረምኩት። ማጠቡንም ማብሰሉንም ተገላገልኩ ብዬ ነበር። በየሳምንቱ ቼዝ እያለ ጥሎኝ ሲወጣ፣ ቤት ውስጥ ያለሁትም እኔ፣ የሌለሁትም እኔ። ሄደም ቀረም ለኔ ምን ልዩነት አለው?»

«ውጭ አገር ያለችው ልጁ፣ ወንድምዎን ስትጠራ እርስዎን አልጠራችም?»

«ብትጠራስ! ምን በወጣኝ! አራት ጣትሽን አንድ ላይ አድርጊ፣ አሁን ደግሞ አውራ ጣትሽን፣ ጸጉርሽን ከጆሮሽ ላይ አንሺ፣ አትሳቂ እያሉ እንደ ሌባ ሲያገላብጡኝ? ከቤቴ የትም አልሄድም።»

በዚህ መሀል ሹፌሩ ደጃፉ ላይ ሆኖ ማልቀስ ጀመረ። «ቀደም ብዬ መጥቼ ቢሆን ኖሮ! ሐኪም ቤት አድርሼው፣ ነገ በሌላ በረራ ይሄድ ነበር!»

«ነገ ምን ያደርግለታል?» አለች እህቱ በቀስታ። ወዲያው ድስቷን መፈተግ ቀጠለች።

መርማሪዋ ከወጥ ቤት ወጥታ ወደ ስፌት ክፍሉ ገባች። ግድግዳው ላይ ሁለት ወፍራም ካፖርቶች ተሰቅለዋል። አንደኛው የወንድ ነው፤ አልቋል። ሌላው የሴት ነው፤ ቁልፍ አልተተከለለትም፣ የቁልፍ ቀዳዳውም አልተቀደደም።

«ይሄ ለማን ነው?» ስትል ሹፌሩን ጠየቀችው።

«ለልጁ ይመስለኛል። አገሩ በረዶ ነው ይላሉ።»

መርማሪዋ ከካፖርቶቹ ጎን የተሰቀለውን የልጅቷን ፎቶግራፍ ተመለከተች፤ ከጎኗ ካለው በር እኩል የቆመች ረጅም ሴት። ካፖርቱን አውርዳ ከራሷ ጋር ለካችው። ከጉልበቷ አላለፈም። በግራ ትከሻው በኩል ገበሩ ሥር ወፈር ያለ ጥጥ ተጨምሯል። ካፖርቱን ወደ ቦታው መልሳ ሰቀለችው።

በማግስቱ ሐኪሙ ውጤቱን ነገራት። ሟቹ የወሰደው ሁለት ዓይነት መድኃኒት ነው፤ አንዱ ማረጋጊያ፣ ሌላው የእንቅልፍ ኪኒን። ለየብቻቸው ቢሆኑ ያስተኙት ነበር እንጂ አይገድሉትም። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን የደከመ ልቡ አልቻላቸውም።

ለሟቹ ልጅ ስልክ ደወለች። ልጅቷ ለረጅም ጊዜ አለቀሰችና «ልቀብረው እንኳ መምጣት አልችልም» አለች። «የመኖሪያ ፈቃዴ እድሳት ላይ ነው፤ ከወጣሁ መልሰው አያስገቡኝም።»

ከዚያ መርማሪዋ ወደ ኤምባሲው ሄደች። የማመልከቻ አዳራሹ ሰው ሞልቶታል፤ ግን የሚነጋገር የለም። ሁሉም ማኅደሩን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ቁጥሩ እስኪጠራ ሰሌዳውን ያያል። ተራዋ ሲደርስ ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ሠራተኛ የመሥሪያ ቤቷን ደብዳቤ አንብቦ የጠየቀችውን ሁሉ ነገራት። ስትወጣ መጥታበት የነበረውን መኪና አልፋው ብዙ መንገድ ከሄደች በኋላ ነው ያስታወሰችው።

ከሰዓት በኋላ አራቱንም በስፌት ክፍሉ ሰበሰበቻቸው። ነርሷ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ጎን ቆመች፤ መምህሩ በሟቹ ወንበር ላለመቀመጥ በርጩማ ሳበ፤ ሹፌሩ በሩን ተደገፈ። እህቱ ከካውያው አጠገብ፣ ከዱሮ ቦታዋ፣ ተቀመጠች።

«መጀመሪያ የከነከነኝ ብርድ ልብሱ ነው» ስትል ጀመረች መርማሪዋ። «አንድ ሰው ጫማውን አውልቆለታል፣ እግሩን ጠቅልሎለታል። ሹፌሩንና ሲስተርን ጠየቅሁ፤ አላለበስንም አሉ፤ መምህር ከበረንዳቸው አልተነሱም፤ እትዬን ብቻ ሳልጠይቅ ተውኳቸው፤ ሳይጠየቁ ይነግሩኝ እንደሆነ ብዬ ነበር። ሰው መጥፎ ሥራውን ይደብቃል፤ ይሄ ግን የደግ ሥራ ነው። ለምን ተደበቀ?»



«ቀጥዬ ማን ይጠቀማል ብዬ አሰብኩ። ሹፌሩ ክፍሉን ይፈልጋል፤ ግን ክፍሉን ለማግኘት ጋሼ መሄዳቸው ብቻ ይበቃው ነበር። ሲስተርም ምንም አታገኝም። በጋሼ ሞት የሚጠቀም ሰው አጣሁ። ስለዚህ ጥያቄዬን ለወጥኩት። በመሄዳቸው የሚጎዳ ማነው? ያን ጊዜ ሁለት ሰው አገኘሁ።»

መምህሩ ቀና አለ። «አንዱ እኔ ነኝ።»

«አዎ መምህር። ግን እርስዎ ቪዛው ሦስት ወር ይቆያል ብለው ያምኑ ነበር። ሲስተርም፣ ሹፌሩም እንደዚሁ። ነገ በሌላ አውሮፕላን ለሚሄድ ሰው ዛሬ የእንቅልፍ ኪኒን መስጠት ምን ይፈይዳል?»

«ታዲያ አይቆይም ነበር?»

«ዘጠና ቀኑ ከገቡ በኋላ የሚቀመጡበት ነው። ለመግባት ግን የመጨረሻ ቀን አለው፤ እሱም ትናንት ነበር። ያ አውሮፕላን ካመለጣቸው ቪዛው አበቃ። ይህን የምታውቅ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ‹ነገ ምን ያደርግለታል?› ያለችው።»

ሹፌሩ ወደ አክስቱ ዞረ። «አክስቴ?»

እህቱ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ወለሉን ታያለች።

«እትዬ፣ የጣት አሻራ መስጠት አልፈልግም አሉኝ» አለች መርማሪዋ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ግን አሰጣጡን አንድ በአንድ ነገሩኝ። ያን የሚያውቀው የሰጠ ሰው ነው። ያ ካፖርትም የልጅቷ አይደለም፤ ግራ ትከሻው ላይ ጥጥ የተጨመረበት ለእርስዎ ነው። ወንድምዎ ሁለት ካፖርት ጀመሩ፤ የእርስዎ የቪዛ ማመልከቻ ውድቅ ሲሆን ከአንደኛው ላይ እጃቸውን አነሱ። ‹እህቴ አልሄድም ብላለች› ብለው ለሰው ያወሩትም እርስዎ እንዳያፍሩ ነው።»

«ከለከሏት?» አለ መምህሩ። «ለምን?»

የመለሰችው እህቱ ናት።

«ባል አለሽ? አሉኝ። የለኝም። ልጅ? የለኝም። ሥራ? ቤቱ ተዘግቷል። ንብረት? የወንድሜ ነው። እንግዲያው ተመልሰሽ እንድትመጪ የሚያስገድድሽ ነገር የለም፣ አንሰጥሽም አሉኝ።» ትንሽ ፈገግ አለች። «ማንም የሌለኝ በመሆኔ ማንም ወደሌለበት መለሱኝ። እዚያው መስኮት ላይ ለሱ ‹ይህ ቀን ሳያልፍ ግባ› ሲሉት ሰማሁ። ቀኑን በልቤ ያዝኩት።»

«የእንቅልፍ ኪኒኑስ?»

«ክሊኒክ ያዘዙልኝ ነው። ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም። ከምሳ በኋላ ፈጭቼ በሻይ ሰጠሁት። መራራ ስለሆነ ማር ጨመርኩበት። ‹ዛሬ እንኳ ጣፋጭ ጠጣ፣ መንገደኛ ነህ› አልኩት። ሳቀና ጠጣው። ሲስተር ኪኒን እንደሰጠችው አላወቅሁም። ለካ ጭንቀቱ አላስችል ብሎት ቀድሞ ውጦታል። እንቅልፍ ሲጥለው ጫማውን አወለቅሁለት፤ እግሩ ይበርደዋል። እንዲሞት አልነበረም... እንዲያመልጠው ነው። እንዲያመልጠውና ቤቱ እንዲቀር።»

ነርሷ አፏን በእጇ ሸፈነች።

መርማሪዋ የቀረውን ልትናገር ፈለገች፤ ደግሞ ልትተወው ፈለገች። በመጨረሻ ግን ሴትዮዋ ልታውቀው ይገባል ብላ ወሰነች።

«ወንድምዎ ቼዝ እያሉ የሚወጡት ለቼዝ አልነበረም እትዬ። መምህርን ይጠይቁ። ኤምባሲው ነበር የሚሄዱት። የእርስዎን ማመልከቻ እንደገና አስገብተውት ነበር። ሠራተኛው ያውቃቸዋል፤ እየመጡ ‹የእህቴስ?› ይሉ ነበር። ጉዟቸውን እስከ መጨረሻው ቀን ያቆዩትም የእርስዎን መልስ ሲጠብቁ ነው። ሁለተኛው እምቢታ የመጣው በዚሁ ሳምንት ነው።»

እህቱ ዓይኗን ወደ መምህሩ አነሳች፤ መምህሩም «ለቼዝ አይመጣም ነበር» ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

«አልነገረኝም» አለች። «ለምን አልነገረኝም?»

ሹፌሩ መጥቶ እግሯ ሥር ተንበረከከ፤ ሊቆጣ ይሁን ሊያቅፋት ለራሱም አልገባውም፤ ጉልበቷን ይዞ አለቀሰ። እሷ ራሱን ዳበሰችው፤ የራሷ ዓይን ግን ደረቅ ነበር።

መርማሪዋ እስክትረጋጋ ጠበቀቻት። ሹራቧን አልብሳ፣ ክንዷን ይዛ አስነሳቻት። በሩ ጋ ሲደርሱ ሴትዮዋ ቆመች።

«የኔ ልጅ፣ እዚያ የምትወስጅኝ ቤት...» ቃሉ ጠፋባት። «ብቻዬን ነው የምታሳድሩኝ?»

«አይደለም እትዬ። ብዙ ሴቶች አሉበት። ተጨናንቆ ነው የሚታደረው።»

«እንዲያ ነው?»

«እንዲያ ነው።»

እህቱ ይህን ትንሽ አሰበችበት። ከዚያ ክንዷን ከመርማሪዋ እጅ ቀስ አድርጋ አስለቀቀችና ቀድማ ወጣች።