የቢትወደዱ ጢም

«ፈቃዱ ጭማቂ ጠጥቶ ሞተ አሉ፤ የሰጠችው አፊፋ ናት» ስትል ሰማኋት፣ ጎረቤቴን ሀዋን፣ በስልክ። የመንፉሐ፣ የዓረብ አገሩ ሰፈራችን፣ ግድግዳ ስስ ነው፤ ጆሮዬን ምን ላድርገው። ዓባያዬን ጣል አድርጌ ቲያትር ወደሚቀርጹበት ክፍል ወረድኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፈራችን የሐበሻ ልጆች ስለ አንድ የዱሮ ቢትወደድ፣ ንጉሥ መርዝ ስላስጠጣው፣ ቲያትር ነበራቸው። በየበዓሉ ሲሠሩት ቢትወደዱ ሚሊዮን ነበር። ኋላ አገር ቤት ለቴሌቪዥን ቀርጻችሁ ላኩ ሲባሉ፣ ካሜራ የሚይዘው ረድኤት «ግርማ ሞገስ ያለው ፊት እፈልጋለሁ» ብሎ ለፈቃዱ ሰጠው። ሚሊዮንን ፊቱን በነጠላ የተሸፋፈነ ዘበኛ አደረጉት። ዓርብ፣ ሰፈሩ ጁምዓ ሲሄድ፣ ድምፅ እንዳይገባ ኤሲውን አጠፉ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ደፈኑ። በነሐሴ ሙቀት። ፈቃዱ ብርጭቆውን አንስቶ ከአፉ አስጠጋና ወደቀ። ትወናው መስሏቸው አጨበጨቡ እኮ።

ስገባ ሬሳው ምንጣፍ ላይ ነው። አፊፋ ጥግ ይዛ ሎሚ ብቻ ነው የጨመቅኩት ትላለች። ከአሠሪዎቿ የጠፋች፣ ኢቃማ፣ መኖሪያ ፈቃድ፣ የሌላት ልጅ። ሚሊዮን ለሹርጣ፣ ለፖሊሱ፣ እንስጣት፣ አለዚያ ሁላችንም ማለቃችን ነው ይላል። እሷን መስጠት አንገቷን መስጠት ነው።

ጓደኛዬን ታንጉትን አስጠራኋት። አገር ቤት መርማሪ ፖሊስ ነበረች። የተቀረጸውን ደጋግማ አየች፣ ሬሳው ላይ ጎንበስ ብላ አገጩን አሸተተች፣ የተለጠፈለትን የቲያትር ጢም በፌስታል ይዛ ላጠችው። ከዚያ ሁሉንም ሰበሰበች።

«ጢሙን ማን ሠራው?»

«እኔ» አለች ልብስ የምታሰናዳው የሺመቤት። «በክር ነበር የሚታሰረው። ክሩ በካሜራ ይታያል ብሎ ሚሊዮን ነው በማስቲሽ የለጠፈለት።»

«ከሩቅ የሚታይ ቲያትር ለምዳችሁ፣ ብርጭቆ ሲያነሳ ጠጣ አላችሁ። ካሜራው ግን ቅርብ ነው። እዩት፣ ጉሮሮው ንቅንቅ አላለም። ፍልሰታ ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም፤ ፈቃዱ ጾሙን በሎሚ ይገድፋል?»

«ካልጠጣ ታዲያ በምን ሞተ?» አላት ረድኤት።

«ከጢሙ ሥር ቆዳው ተቃጥሏል። ማስቲሹ የትኋን መድኃኒት ይሸታል። በላብ ቆዳው ጠጣው፣ አፍንጫው ሳበው። የሺዬ፣ እስቲ ይህን ጢም አገጭሽ ላይ አድርጊው።»

የሺመቤት ሳትጠራጠር እጇን ዘረጋች። ሚሊዮን ዘሎ ፌስታሉን ከታንጉት እጅ መትቶ ጣለው።

ሁሉም አዩት። እሱም መታየቱን አወቀ፤ ቁጭ አለ።

«እናቴ ልጅሽ ሞቷል ብለዋት ሐዘን ተቀምጣለች» አለ። «ብደውል ድምፁን የሚያስመስል ሌባ ነው ትለኛለች። ፊቴን በቴሌቪዥን ትይ ብዬ ነበር።»

የሺመቤት አለቀሰች። እኔም ከንፈሬን መጠጥኩ፤ ልዋሽ እንዴ። ምስኪን ማለት ስንጀምር ታንጉት ሞባይሏን ከጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት።

«ያንተ እናት የምታለቅሰው በሕይወት ላለ ልጅ ነው» አለችው። «በል፣ ለፈቃዱ እናት ደውልላት።»